ከፎርማ የወጣ መስቀል

ሐረር ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የወታደሮች መቃብር የሚያሳድስ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ይምጣ ተባለና እኔ ተላክሁ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጽሑፍሽ ያምራል አሉ፤ በቃ ፀሐፊ ሁኚልን» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሥራ ሲሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ያኔ ይህን ከጥሩ ጠባዮቼ አንዱ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

መቃብሩ ከሸዋ በር በሚኒባስ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። የድሮው የሶማሊያ ጦርነት ሟቾች ያረፉበት ነው። በየመቃብሩ ራስጌ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ቆሞ ነበር፤ አብዛኛው ዝጓል። የእኔ ድርሻ ቁጥሩን ከአሮጌው መዝገብ ጋር እያመሳከርኩ የስም ዝርዝር ማውጣት ነበር። ሠንጠረዡን በአራት ዓምድ ከፈልኩት፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ማዕረግ፣ ረድፍ። ሃይማኖት የሚል ዓምድ አላስገባሁም። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ዜጎች ሁሉ እኩል ናቸው እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝና፣ የሞተን ሰው ሃይማኖት መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነው። ግንበኛው ደግሞ ያለው ፎርማ አንድ ብቻ ነው። ሲሚንቶ ሲፈስበት አናቱ ላይ መስቀል ያለው ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። እኔ ስላልጠየቅሁ ለሁሉም ያው ወጣላቸው።

ምረቃው አራት ቀን ሲቀረው፣ ድንጋዮቹ ላይ የተጻፉትን ስሞች እያረምኩ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ሶፊ ከሚባለው ገጠር መጡ። ከአንዱ ድንጋይ ፊት ቆመው በምርኩዛቸው ጠቆሙ።

«እዚህ ያለው ወንድሜ ነው። ምንድን ነው የተከላችሁበት?»

ስሙን አነበብኩላቸው። ማንም ሲሰማው የክርስቲያን ነው የሚለው ስም ነው።

«እሱ ወታደር ቤት የወጣለት ነው። መዝጋቢው እናታችን ያወጣችለት ስም ለአፉ ቢከብደው በዚህ ቀየረው። ስሙን ሲወስዱት ዝም አልን። አሁን ዲኑንም ልትወስዱት ነው? ራስጌና ግርጌው ላይ ያቆምኳቸው ድንጋዮችስ የት ገቡ?»

መቃብሩን ባጸዳን ቀን ተማሪዎቼን አሰልፌ እነዚያን ድንጋዮች ያስለቀምኩት እኔ ነበርኩ።

«ልጄ፣ በየዓመቱ ረመዳን ሳይገባ መጥቼ ዱዓ አደርግለታለሁ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው እዚህ ቆሜ ፋቲሃ የምቀራው? እኔም ቀኔ ደርሷል። ይሄ ሳይነሳ ወላሂ አልሞትም!»

ያን ቀን ከሰዓት ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ አዳመጡኝ።

«መስቀል ምን አደረጋቸው? ጌጥ ነው በያቸው።»

«እስላም ናቸው እኮ፣ መቶ አለቃ። ወንድማቸውም እስላም ነበር።»

«መዝገቡ እንደዚያ አይልም። እኛ የምንሠራው በወረቀት ነው።»

«ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«እንግዲያው አንቺው ዝም በያ!» ብለው ሳቁ። ከስንጥሩ ጫፍ ያወጡትን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጠረጉ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በማግስቱ ወደ ግንበኛው ሄድኩ። መስቀሉን በመሮ ቆርጦ ጎኑን እንዲያስተካክለው ለመንኩት። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ያዝ አድርጎ አየኝ።

«መምህርት፣ መስቀል ምታ ነው የምትይኝ? አንቺስ ማተብ የለሽም? እንኪ መሮውን፣ ራስሽ ምቺው!»

መሮውን አልተቀበልኩትም። አብሮት የሚሠራው የአቦከር ሰፈር ልጅ ከሩቅ ጮኸ፦

«ወደኔ እንዳታዪ! መስቀል ሲሰብር የተያዘው እስላም ተብዬ በየስልኩ እንድዞር ነው? ገና ሚስት እንኳ አላገባሁ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግን የምራቸውን ነበር። ያን መስቀል ለመሥራት አንድ ባልዲ ሲሚንቶ በቅቷል። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ክርስቲያኑ ኃጢአት ነው ብሎ አይነካው፣ እስላሙም ጣጣ ነው ብሎ አይቀርበው።

በነጋታው ወደ ሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንድ አዛውንት ቄስ አማከርኩ። ብዙ አላሰቡበትም። «አይመታም። ባልፈለገውም ላይ አይተከልም። እንዳለ ነቅላችሁ ወደኛ አምጡት» አሉኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሰብሳቢው ግን፣ «ይነቀል? እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር? ረድፉ ጥርሱ የወለቀ አፍ ሊመስል?» አሉና የራሳቸውን መላ ሰጡኝ። የፕላስቲክ አበባ ይሸፍነው።

ሸፈነው። ቀይና ቢጫ አበባ በሽቦ ተጠፍሮ ታሰረበት፤ የላስቲክ ሽታው ገና አልለቀቀም። በምረቃው ዕለት ድንኳኑ ሥር ተቀምጬ፣ «ዘርና ሃይማኖት ሳይለያቸው የወደቁ» የሚል ረጅም ንግግር ሰማሁ። አሮጊቷ የጥሪ ካርድ የላቸውም ተብሎ ጥበቃው ከበር መልሷቸዋል፤ ከአጥሩ ማዶ ነጭ ሻሻቸው ይታየኛል። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ምሳ መጣ። እንግዶቹ እየዞሩ በሉ፤ የጋጡትን አጥንት በመቃብሮቹ መሐል ጣሉት። አንዱ ቅባት የነካውን ጣቱን በአበባው ቅጠል ጠረገና፣ «አይ፣ ይሄስ የውሸት ነው» አለ። ያ የውሸት ነው የተባለው ነገር ከሥሩ ያለውን እውነት ለመሸፈን እንደታሰረ የማውቀው እኔ ነኝ። ሳህኔን ሳልነካው መልሼ አስቀመጥኩት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሰብሳቢው፣ «አሁን ፎቶው ተነስቷል፤ የፈለግሽውን አድርጊ» አሉ። ግንበኛው በዲጂኖ ፈልቅቆ ድንጋዩን ነቀለው። በባጃጅ ለቄሱ አደረስንላቸው። አሮጊቷ ባዶው መሬት አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። ያለቀ መሰለኝ።

በሳምንቱ የአሮጊቷ ጎረቤት ደወለችልኝ፤ መቃብሩ እየተቆፈረ ነው አለች። ክፍሌን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ሮጥኩ። ግንበኛው እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሯል።

«ሰብሳቢው ናቸው ያዘዙኝ» አለ ሳያየኝ። «ክፍተቱ እንዳያስጠላ የባንዲራ ምሰሶ ይቁምበት አሉ። ሜትር ተኩል ይግባ ብለዋል።»

ሜትር ተኩል። ሥሩ ሰው አለ።

አሮጊቷ ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝና፣ የጉድጓዱን አፍ ይዘው ቀስ ብለው ወርደው ተቀመጡበት። ግንበኛው፣ «እማማ፣ ኧረ በፈጠረዎት ይውጡ» ቢል፣ «ቆፍር፣ ማን ከለከለህ? ወንድሜ ጋ ልታደርሰኝ አይደል?» አሉት። አካፋውን ጣለና ለሰብሳቢው ደወለ።

ስልኬ ጮኸ። ሰብሳቢው ናቸው።

«ያቺን ሴትዮ ከዚያ አውጪልኝ።»

«አላወጣም። ከፈለጉ መጥተው ራስዎ ያውጧቸው።»

«ፀሐፊ መሆንሽን አትርሺ!»

«ትቻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አልመጡም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ራሳቸው አይመጡም።

አሮጊቷ የወጡት ግንበኛው ምሰሶውን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ ካዩ በኋላ ነው። አፈሩን እኔ መለስኩት፤ አካፋ መያዝ ስለማልችል እጄ ተላጠ። «ረገጥ ረገጥ አታድርጊው፣ ያመዋል» አሉኝ። ቀና ስል ረድፎቹ ሁሉ ፊቴ ናቸው፤ መስቀል ከመስቀል ጎን ተደርድሯል። ከእነዚያ መሐል ስንቱ ወታደር ቤት በወጣለት ስም እንደተኛ አላውቅም። እንደ ወንድማቸው በተቀየረ ስም የተቀበረ የሚያውቁት ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አሮጊቷን ጠየቅኋቸው። በምርኩዛቸው ሦስተኛውን ረድፍ አሳዩኝ።