እሺ ካልኩ በኋላ፦ አንድ ሳምንት ከጅቡቲ ባሕር ጋር

ሎያዳ መዳረሻ፣ ሰኞ ንጋት

ሊነጋጋ ሲል ሾፌራችን ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ያላ!» አለን። ከሃርጌሳ የተነሳነው ትናንት ነው፤ ያደርነው ሎያዳ የሚሉት የጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ ባለች ሻይ ቤት ምንጣፍ ላይ። ላንድክሩዘሯ ውስጥ ታጭቀን የተሳፈርነው ሰዎች፣ የሩዝ ጆንያዎችና አንዲት ፍየል ነን። ፍየሏ መስኮት አጠገብ ናት። እኔ ጆንያ ላይ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ ሂሩት እባላለሁ። አዳማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ። የአንድ ዓመት ፈቃድ ያለ ደመወዝ ወስጄ ከቤት ከወጣሁ ስምንተኛ ወር ይዣለሁ። ለምን ወጣሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ እሺ ማለት ስለሰለቸኝ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነኝ፤ የምማረውን ትምህርት ቤተሰብ መረጠልኝ፣ የምሠራበትን ከተማ ቤተሰብ መረጠልኝ፣ እሺ እሺ እያልኩ ጸጉሬ ሸበተ። እነዚህ ወራት ብቻዬን ምግብ ቤት ገብቼ መብላት፣ መንገድ ጠፍቶኝ መጠየቅ፣ ያልወደድኩትን አልወደድኩም ማለት አስተምረውኛል። ይህንን ለመማር ይህን ያህል መንገድ ያስፈልጋል ወይ ብትሉኝ፣ ለእኔ አስፈልጎኛል።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እስለዋለሁ፤ ባሕር የሚባል ነገር ግን እግሬን ነክቶኝ አያውቅም። ባለፈው ወር በርበራ ድረስ ሄጄ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ጫማዬን ሳላወልቅ ተመለስኩ። አፈርኩ። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፦ ባሕሩ ውስጥ እገባለሁ፣ ውሃው ላይ መንሳፈፍ እማራለሁ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ታጁራ እሻገራለሁ። በመኪናም ዞሮ ይኬዳል፤ እኔ በመኪና አልሄድም።

የድንበሩ ፖሊስ ፓስፖርቴን አየና «የመን?» አለኝ።

«ታጁራ» አልኩት።

ሳቀ። ለፍየሏ ባለቤት በሶማልኛ የሆነ ነገር ነገረው፤ ሰውዬው በተሰባበረ አማርኛ ተረጎመልኝ። «ሁሉም እንዲህ ይላል፣ ይልሻል።»

ካርቲየ 4፣ ሰኞ

ያረፍኩት ካርቲየ 4 በሚሉት የጅቡቲ ከተማ ሰፈር፣ እትዬ ሮማን ቤት ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚህ ከመጣች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሰፊ ሴት፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ። ከፊት ለፊት ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ታከራያለች። ሰፈሩ ጠባብ ነው፦ የቆርቆሮና የጣውላ ቤቶች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ በሮች፣ ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ በጋሪ ላይ ደርድረው ጨርቅ ያለበሱ ሴቶች፣ ነጭና አረንጓዴ ታክሲዎች። ጥቅምት ገብቷል፣ ሙቀቱ ግን አልሰማም። ምሳ ላይ ከአንድ የመናዊ ምግብ ቤት፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ አስመጣችልኝ፤ ከነቂጣው በእጄ ጨረስኩት።

«እና ወዴት ነሽ?» አለች ሳህኑን እያነሳች።

«ባሕር ውስጥ መግባት ልማር ነው የመጣሁት።»

ቆማ አየችኝ። «እዚህ ቤት ያደሩ ልጆች ስንትና ስንት ናቸው። ሁሉም ባሕሩን የሚፈልጉት ለማለፍ ነው። ለመግባት ብላ የመጣች አንቺን አየሁ፣ ዋላሂ።»

«የሚያስተምር ሰው ታውቂያለሽ?»

«ምን አደረግሁሽና ትንቂኛለሽ?» አለችኝ። እትዬ ሮማን ለካ ዋናተኛ ናት።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ጅቡቲ ገባሁ ስላት ሁለት ጊዜ «የት?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የጎረቤታችን ልጅ ከዚሁ ከተማ ደውላ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ካለች በኋላ ሁለት ዓመት ድምፅዋ ጠፋ። በኋላ ከሳውዲ ደወለች። እነዚያን ሁለት ዓመታት ግን እናቴ ከልጅቷ እናት አጠገብ ተቀምጣ ነው የጨረሰቻቸው።

«የመን አልሄድም እማዬ» አልኳት።

«እሷም ስትጠየቅ እንዲህ ነበር ያለችው» አለችና ዘጋች።

ሲየስታ፣ ማክሰኞ አመሻሽ

ሲየስታ የከተማው ሰው የሚዝናናበት ባሕር ዳርቻ ነው። በቁርጠኝነት ፎጣዬን ይዤ ሄድኩ። ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው፤ እስከ ሩቅ ድረስ ጭቃና አሸዋ፣ መሐል ላይ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች፣ አጋድሎ የተቀመጠ ጀልባ። ስለ ባሕር ውሃ መሸሽና መመለስ ስንቱን ተማሪ የፈተንኩ መምህርት ሰዓቱን ሳልጠይቅ መጥቻለሁ። ሰዓቱን እያወቀች ሳትነግረኝ የተከተለችኝ እትዬ ሮማን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ፈርቶሽ ሸሽቶ ነው» አለችኝ።

ጭቃው ውስጥ በባዶ እግሬ ሄድኩ። ለብ ያለ ነው። ጫማዬን ግን አውልቄያለሁ፤ ከበርበራው በአንድ እርምጃ ይበልጣል።

ካርቲየ 4፣ ረቡዕ

ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ሲገባ፣ ጋሼ ደምሴ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አዳማ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ። አሁን ፔካ ዱዝ በሚሉት የመኪኖች ማቆሚያ ማዳበሪያ ለመጫን ተራ ይጠብቃሉ። ያረፍኩበትን የነገረቻቸው እናቴ ናት። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አላወለቁም። ሊቆጡኝ ያልመጡ፣ በልጅነቴ ከረሜላ ሲሰጡኝ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ያከበደብኝም ይኸው ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት እንደምወጣ ነግረውኛል» አሉ ሻዩን እያማሰሉ። «ጋቢናው ባዶ ነው። እናትሽ እንቅልፍ የላትም፣ ሂሩትዬ። ይዤሽ እንደምመጣ ቃል ሰጥቻታለሁ። ትሄጃለሽ አይደል?»

«እሺ ጋሼ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ወር የዞርኩት፣ እሺ ማለት ሰለቸኝ ብዬ የጻፍኩላችሁ ሰው። አስቤ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ አፌ የሚያውቀው መልስ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጋሼ ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን አሰርኩ፤ አስሬም ላዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ንዴት ነበር። የተናደድኩት በራሴ ነው።

ሲየስታ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ሻንጣው ታስሮ ያየችው እትዬ ሮማን ምንም ሳትል ወደ ባሕሩ ወሰደችኝ። ዛሬ ባሕሩ አለ። ሴቶች ከነቀሚሳቸው፣ ከነሻሻቸው ገብተው ይጫወታሉ፤ እሷም ባለ አበባ ሽቲ ቀሚሷን ለብሳ ገባች። ወገቤ ድረስ ተከተልኳት።

«በጀርባሽ ተጋደሚ። እጄ ከታችሽ ነው።»

ተጋደምኩ። ሰማይ አየሁ፣ ጆሮዬ ውሃ ገባበት፣ ክንዷን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት። ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሜ ክንዷን ያዝኩት። ክንዷ ቀላ።

«አቦ፣ ችግርሽን አየሁት» አለች። «እግርሽ መሬት ይፈልጋል። ገና ሳትጋደሚ ለመቆም ታስቢያለሽ። መሬቱን ተዪው፣ የትም አይሄድም።»

ዳር ወጥተን ስንቀመጥ የጋሼን ነገር ነገርኳት።

«ታዲያ ሂጂያ» አለች።

«አልፈልግም።»

«ለእኔ ነው እንዴ የምትነግሪው?»

በርበራ ላይ የፈራሁት ባሕሩን ነበር። እዚህ የፈራሁት አንድ ደግ ሽማግሌን ማሳዘን ነው፣ እሱ ይብሳል። ስንመለስ በወደቡ በኩል አልፈን የቅዳሜ ጠዋቱን የታጁራ ጀልባ ቲኬት ቆረጥኩ። ለጋሼ ደወልኩና ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሲየስታ እንዲመጡ ለመንኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። በስልክ የሚባል አይደለም።

ሲየስታ፣ ዓርብ አሥር ሰዓት

ዓርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ ዳርቻው በቤተሰብ ተሞልቷል። ጋሼ ደምሴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። አሸዋው የሚያልቅበት ጋ ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ስንዝር አልተጠጉም።

«ነይ ውጪ ልጄ» አሉኝ። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይዩኝ፣ ጋሼ።»

እትዬ ሮማን እጇን ከጀርባዬ ሥር አደረገች። ተጋደምኩ። እግሬ እንደልማዱ መሬት ሊፈልግ ሲል ተውኩት። ሆዴን ወደ ሰማይ አደረግሁ። ትንፋሼ ሲገባ ከፍ እላለሁ፣ ሲወጣ ዝቅ እላለሁ። መቼ እጇን እንዳወጣች አላውቅም፤ ድምፅዋ ከሩቅ ሲመጣ ነው የገባኝ። ባሕሩ ተሸክሞኛል። በጣም ደስ አለኝ፤ ሳቅ ሲያመልጠኝ አፌ ጨው ሞላና እያሳለኝ ቆምኩ።

እንደቆምኩ ተናገርኩ፤ ከውሃው ከወጣሁ እንደማልናገረው አውቄያለሁ።

«ጋሼ፣ ረቡዕ እሺ ያልኩዎት ከልቤ አይደለም። አልመጣም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን አልመጣም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ለእናትሽ ቃል ሰጥቻለሁ እኮ።»

«ቃሉን የሰጡት እኔን ሳይጠይቁኝ ነው።» የጨው ውሃውን ከፊቴ ጠረግሁ። «ነገ ወደ ታጁራ እሻገራለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ጀልባ አልሳፈርም። ዓመቴ ሲያልቅ በራሴ እግር እመለሳለሁ።»

ከዚያ አገጫቸውን ወደ ማዶ ቀሰሩ። «ታጁራ የምትይው ያ ተራራ ነው?»

«ከሥሩ ነው።»

«ሃያ ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን እዚህ መጥቼ አላውቅም» አሉ። «ወደብ፣ ፔካ ዱዝ፣ ጋላፊ። ወደብ፣ ፔካ ዱዝ፣ ጋላፊ።» ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ። ካልሲያቸውን አጣጥፈው ጫማው ውስጥ ከተቱ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ገቡና ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ተፉ።

«ኧረ ጨው ነው!»

«ምን መስሎዎት ነበር?» አለች እትዬ ሮማን።

«ሰው የሚያጋንን መስሎኝ።»

እዚያው ውሃ ውስጥ እንደቆሙ ስልካቸውን አወጡና ለእናቴ ደወሉ። «እትዬ ብርቄ፣ አገኘኋት። አትመጣም። ... የለም፣ የመን አይደለም። አይቻታለሁ እኮ፣ ባሕሩ ላይ ተጋድማ...» የእናቴ ጩኸት እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። «ኧረ በሕይወት ናት! ስትስቅ ነበር!» ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። «እንቺ፣ አናግሪያት።»

እጄን በቀሚሴ ለማድረቅ ሞከርኩ፤ ቀሚሴም እርጥብ ነው።

«አትፈሪም አንቺ?» አለችኝ እናቴ።

«እፈራለሁ እማዬ።»

«ታዲያ ምን አስገባሽ?»

«ፈርቼ መመለስ ሰለቸኝ።»

«ልጅቷም ደህና ነኝ ነበር ያለችው» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ስጋትሽም እውነት ነው። እኔ ግን የት እንዳለሁ በየቀኑ እነግርሻለሁ፤ አልዋሽሽም፣ አልጠፋብሽም። መምጣት ግን አሁን አልመጣም።»

እናቴን እንዲህ ብዬ አነጋግሬ አላውቅም። ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ደምሴ ውሃውን በእግራቸው እየገፉ፣ እንዳልሰማ ሰው ማዶ ማዶውን አዩ።

ወደቡ፣ ቅዳሜ ንጋት

እትዬ ሮማን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥራልኝ ከታክሲው ወረደችና ቶሎ ተመለሰች፤ ሾፌሮቹ ቁርስ ይጠብቋታል። ጋሼም ከፔካ ዱዝ ደውለውልኝ ነበር። መኪናው ተጭኗል፣ ሊወጡ ነው። «እግሬ ሌሊቱን አሳከከኝ» አሉኝ። «ታጥቤም ጨው ጨው ይላል።» ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፤ ግን መረቁኝ።

ጀልባው በሽንኩርት ጆንያ፣ በፍራሽ፣ በአንድ ማቀዝቀዣና በፍየሎች ተጨናንቋል። ፍየሎቹ እዚህም የተሻለ ቦታ ይዘዋል። እኔ ጠርዙ ላይ ብረቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከታች ውሃው ጥቁር ነው፣ ጥልቅ ነው፤ የሲየስታ ዓይነት አይደለም። ሰውነቴ ሁሉ ውረጂ ይለኛል፤ አልወርድም።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ደረስሽ?»

«ገና አልተነሳንም እማዬ።»

«ቁርስ በላሽ?»

«ይዣለሁ። እንቁላል ነው።»

«ማዕበል አለ?»

«ትንሽ።»

ሞተሩ ተነሳ። ገመዱን የሚፈታው ሰውዬ የሆነ ነገር ጮኸ፣ መሬቱም ከእኛ መራቅ ጀመረ። እናቴ ድምፁን ሰማችው መሰለኝ፣ ጥያቄዋን አቆመች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ለእሷ ስለው የኖርኩትን ቃል ከእሷ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ ሂጂ።»