የመስኮቱ ጀሪካን

ሰውየው የከባድ መኪና ሾፌር መሆኑን የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ተቅዋ ያወቀችው በጀሪካኑ ነው። ሾፌሮች መንገድ ላይ እንደሚያደርጉት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በአርሂባ ሰፈር በኩል የሚመጣው ነፋስ አግኝቶት ውሃው ቀዝቀዝ እንዲል ከካንሰር ክፍሉ መስኮት ላይ አንጠልጥሎታል። ሚስቱ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ የፍሪጅ ውሃ ጉሮሮዋን ይወጋታል፤ የቧንቧው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ነው።

ወንበር ሲሰጡት አይቀመጥም። የመኪናው ቁልፍም ከአንገቱ አይወርድም። የተቅዋ ሥራ በሽተኛውንም አስታማሚውንም መደገፍ ነውና፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ መቼ ያርፋሉ?» ብትለው፣ «እሷ ስትነሳ» አላት።

ዛሬ ጠዋት ዘበኛው መጥቶ ጀሪካኑን አውርድ አለው።

«እኔን ሳታወርድ እሱን አታወርድም!» ብሎ መስኮቱን በጀርባው ከለለው።

ተቅዋ መሀል ገባች። ወረቀት አውጥታ በሆስፒታሉ ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ ጻፈች፤ ማኅተሟን መታችበትና በፕላስተር የጀሪካኑ እጀታ ላይ ለጠፈችው። ዘበኛው አንብቦ፣ እያጉረመረመ ሄደ።

«ምን ይላል?» አለ ሰውየው።

«ማንም እንዳይነካ ይላል።»

ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ሚስቱ አልጋ ዞረ።

«እንግዲያው አንድ ጨምሪልኝ፣ እህቴ» አለ። «እዚህ ራስጌዋ ላይ እለጥፈዋለሁ።»