ባስልዮስ ያዘጋጀው የኢዩኤል መርዶ

ባሌ ባስልዮስ የቤዝቦልን ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ አያውቅም። የሆነ ነገር ቢጠይቁት ጉሮሮውን ይጠርግና ወሬ ይቀይራል። የከተማችንን የኮሎምበስን ቡድን፣ የክሊፐርስን ተጫዋቾች ስም ግን ከነዕድሜያቸው፣ ከነትውልድ አገራቸው፣ ከነሕመማቸው በቃሉ ይወጣዋል። ማን ከአክሮን መጣ፣ ማን ትከሻውን አመመው፣ ማን ከሚስቱ ጋር ተኳረፈ። ይሄን የመጨረሻውን ከየት እንደሚያገኘው እኔ አላውቅም።

ሥራው የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። በጋ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ዳውንታውን ስታዲየሙ አጠገብ የተመልካቹን መኪና ያስቆማል። የተጫዋቾቹ ፍቅር እዚያ ነው የያዘው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ውድድሩ ሲሰረዝ ያለፈውን ዓመት የስም ዝርዝር እያወጣ ያነብ ነበር፤ ያኔ ነው ነገሩ ከፍቅር አልፎ በሽታ መሆኑን ያወቅሁት።

«ብርነሽ፣ ነገሩ ቀላል ነው» ይለኛል። «አክሮን አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ኮሎምበስ አሥራ ሁለተኛ፣ ክሊቭላንድ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ።»

«ታዲያ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንተን ምን ያነጫንጭሃል?»

«አሳድጌ አሳድጌ ለሌላ» ይላል፣ ጡጦ ያጠባቸው ይመስል። እውነቱን ነው፣ አንድ ልጅ እዚህ ደህና መምታት በጀመረ በሳምንቱ ትልቁ ቡድን ክሊቭላንድ ጠርቶ ይወስደዋል። ባስልዮስ በዚህ ቂም ይዞ የክሊቭላንድን ገጽ ከፍቶ አያይም። የወሰዱብኝን ልጆች ስም ደግሞ እነሱ ቤት ሄጄ ላነብ ነው ወይ ብሎ ይቆጣል። ሐሳቡን ለማስቀየር ብዙ ደክሜያለሁ፤ አልሆነም።

በ2021 ልጃችን ቃልኪዳን ሥራ አግኝታ ሲንሲናቲ ገባች። ኮሎምበስ ዳር ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤታችን ቤዝመንቱ፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ ባዶ ቀረና ለአንድ ተጫዋች አከራየነው። ዮኤል የሚባል ዶሚኒካዊ ነው፣ በሜዳው ግራ በኩል የሚጫወት፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ። ባስልዮስ «ኢዩኤል» አለው፤ በሳምንቱ ስሙን ለቄሱ ሰጥቶ ያስጸልይለት ጀመር። ልጁም ጨዋ ነው። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ እኔን «እትዬ» ማለት በሁለት ቀን ለመደ።

ይሄ ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ በታችኞቹ ቡድኖች ሲንከራተት ትልቁን ሜዳ ረግጦት አያውቅም። አንድ ቀን እራት ላይ ምን ትመኛለህ ስለው፣ ክሊቭላንድ ሄጄ አንድ ጊዜ ዱላ ይዤ ልቁም፣ ከዚያ በኋላ ቢያባርሩኝም ግድ የለኝም አለኝ። ባስልዮስ ያን ቀን ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ። የሚወደው ልጅ እንዲሄድ መጸለይ ያለበት መሆኑ ጨንቆት ነው።

ጁላይ ላይ ልጁ መምታት አቃተው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኳስ እንቢ አለችው። በዚያው ሰሞን ሁለት ጓደኞቹን ቡድኑ ሪሊዝ አድርጎ አሰናበታቸው፤ ስማቸው ማታ የክሊፐርስ ገጽ ላይ ነበረ፣ ጠዋት የለም። ባስልዮስ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ሳይወርድ ስልኩን ከፍቶ «ኢዩኤል አለ» ይለኛል። ደህና አደርሽ ማለቱንም ትቶታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ገጹን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ሰኞ ለኮሎምበስ ተጫዋቾች የዕረፍት ቀን ነው፣ ልጁ ታች ተኝቷል። ባስልዮስ ስልኩን አቀበለኝ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ዮኤል የለም።

«አባረሩት» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ወዲያው ኩሽና ውስጥ ስልክ ጮኸ። ቤዝመንታችን ኔትወርክ ስለሌለው ልጁ ሁልጊዜ ስልኩን እላይ ቤት ቻርጅ ላይ ሰክቶት ነው የሚያድረው። ባስልዮስ ሮጦ አየው፤ የሚደውለው የቡድኑ ማናጀር ነው።

«በስልክ ሊያረዱት ነው» አለና ድምፁን አጠፋው። ከዚያ ስልኩን ራሱን ዘጋው። ከዚያ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር ከተተው።

እኔም ጥሩ አደረግህ ነው ያልኩት። ኋላ እሱን ብቻ ስወቅስ ስለከረምኩ ይሄን መናገር አለብኝ። እዚህ አገር ያለን ሐበሾች ደንብ አለን፤ ሰው ሲሞትበት በስልክ አይሰማም። መጀመሪያ ስልኩ ይደበቃል፣ ፌስቡክ እንዳያይ ይጠበቃል፣ ወዳጅ ተጠራርቶ ይሰበሰባል፣ ሰውየው እህል ይቀምሳል። ከዚያ በዕድሜ የገፋ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያረዳዋል። ስምንት ዓመት የለፋበት ነገር ሲሞት ደግሞ ከሰው ሞት በምን ያንሳል ብለን ነው።

መርዶ ነጋሪ ያስፈልገን ነበርና ዋይትሆል ለሚኖሩት ለእትዬ ማንያህልሻል ኮል አደረግሁ። እሳቸው በዚህ ከተማ ያላረዱት ሰው የለም፤ ስልክ ደውለው «ቤት አለሽ?» ካሉ ሰው ማን ሞተብኝ ይላል። ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ።

«ሟቹ ማነው?» አሉኝ።

«የሞተ የለም እትዬ፣ ልጁ ከኳስ ቡድን ተባሮ ነው።»

«እናቱ እዚህ የለችም?»

«የለችም።»

«በሉ ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ በሁለት ያልቃል፣ እስከዚያ እንዳይሰማ ያዙት» አሉ።

እስከዚያ መያዝ እንዲህ ቀላል መስሏቸው ነው። ልጁ በፈረንጁ ሰዓት ጠዋት ዐሥር ላይ ነቅቶ ስልኬስ አለ። ባስልዮስ ዐይኑን ሳያሽ ሣር አጭድልኝ አለው። ሣሩ ሲያልቅ ጋራዡን አስጠረገው። ጋራዡ ሲያልቅ ፍሪጁን ከግድግዳ አስለቅቆ ከኋላው አስወለወለው፣ እኔ ለዓመታት ለምኜ ያላገኘሁትን። ልጁ ስልኩን በጠየቀ ቁጥር «ቻርጅ እያደረገ ነው» ይለዋል። የማነው ስልክ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ የሚያደርግ? ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ከመርዶ በኋላ አይበላም ብዬ ጥብስ በሩዝ ሠራሁና ሁለት ሳህን አበላሁት። ሲበላ እያየሁ እንባዬ መጣብኝና ሽንኩርት ነው አልኩ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ማንያህልሻል መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ይሄን አላሰብንበትም ነበር። ልጁ እሳቸውን አየ፣ እኛን አየ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ከንፈሩ ነጣ።

«ማሚ?» አለ። «እናቴ ናት?»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ» ብለን ሦስታችንም ተንጫጫን። እትዬ ማንያህልሻል እጁን ይዘው አጠገቡ ተቀመጡና በአማርኛ ጀመሩ፣ ባስልዮስ እያስተረጎመ። አንተ ወጣት ነህ፣ ጤና አለህ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው፣ አይዞህ። ቡድኑ አሰናብቶሃል።

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሊያለቅስ ነው ስንል ሳቀ። «ቡድኑ ብቻ?» አለ። «እናቴ ደህና ናት?» ደህና ናት ስንለው ነው የምር ያለቀሰው፣ እሳቸው ትከሻ ላይ። ባስልዮስ ደግሞ ቆሞ ከሱ ብሶ ያለቅሳል። እኔ የማንን እንባ እንደምጠርግ ግራ ገባኝ።

በዚህ መሐል ቃልኪዳን በአባቷ ስልክ ደወለች።

«ዳድ፣ ዮኤል የት ነው? ክሊቭላንድ ጠርቶታል እኮ፤ ማንም ሊያገኘው አልቻለም ተብሎ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። ቼክ አላደረግክም?»

ባስልዮስ የክሊቭላንድን ገጽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተ። ሁለት ተጫዋቾቻቸው ተጎድተዋል፣ በአንዱ ቦታ የተጠራው ዮኤል ነው። ከኮሎምበስ ዝርዝር የጠፋው እዚያ ገብቶ ነው። ስልኩን ከጋቢው ሥር አውጥተን ስንከፍተው ዐሥራ ዘጠኝ ሚስድ ኮል አለ። ልጁ ደወለ። ማናጀሩ፣ እስከ አምስት ተኩል የክሊቭላንድ ስታዲየም ካልደረስክ ክሊቭላንዶች ከአክሮን ሌላ ሰው ይጠራሉ፣ አክሮን ለነሱ ጎረቤት ነው አለው። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ባስልዮስ ቁልፉን አንሥቶ ሮጠ። እኔ በር ላይ ቀማሁት። ባሌ በገዛ ኮሮላው ሲሄድ እንኳ የባቡር ሐዲድ ባየ ቁጥር ቆሞ መስኮት ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው፣ የአውቶቡስ ልማድ። «አንተ ከኋላ ተቀመጥ» አልኩት። እትዬ ማንያህልሻል ጥቁራቸውን እንደለበሱ ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ።

በሰባ አንድ አውራ ጎዳና ላይ እንዴት እንደነዳሁ ለልጄም አልነገርኳትም። ማንስፊልድ ጋ መንገድ ሥራ ላይ ተገትረን ባስልዮስ ከኋላ ጸሎት ይሁን ልቅሶ የማይለይ ነገር ያንጎራጉራል።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለው በመጨረሻ። «ባትደርስ ራሴን ይቅር አልለውም።»

ልጁ ዞረ። «ከዚህ በፊት ሌላ ቡድን አባሮኛል» አለ። «ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ በቴክስት ነው የነገሩኝ። ያን ቀን ከነዳጅ ማደያው ሠራተኛ በቀር ያናገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን አብልታችሁኝ እጄን ይዛችሁ ነው ያባረራችሁኝ።» ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ባስልዮስ ግን አልሳቀም፣ መሐረቡን አወጣ። እኔም ዐይኔ ጭጋግ ሆነብኝና ፍጥነት ቀነስኩ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ በሩ ላይ አወረድነው። ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ገባ። እኛ ትኬት ገዝተን ጣሪያው ሥር ተቀመጥን። ሰባት ዙር ሙሉ ልጁ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳለ ነው፤ ባስልዮስ ግን ከሱ ላይ ዐይኑን አላነሣም። በስምንተኛው ስሙ ተጠራ። ዱላውን ይዞ ወጣ፣ ሜዳው ላይ ቆመ፣ በጣም ትንሽ ሆኖ ታየኝ። አራት ኳስ ተወረወረለት፤ ሦስቱን ሰንዝሮ ሳተ፤ ሦስቴ የሳተ ይወጣልና ወጣ። አለቀ።

ባስልዮስ ዘሎ ተነሥቶ ያጨበጭባል፣ እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የቆመው እሱ ብቻ ነው። ጎናችን የተቀመጡት ነጭ ሽማግሌ ተገርመው አዩት።

«ጌታው፣ ልጁ እኮ ሳተ» አሉት።

«አውቃለሁ» አለ ባስልዮስ። «ግን ደርሷል።»