በላውሪንዳ በር ላይ የሚተኛው ቡችላ

እትዬ ዙልሚራ ውሻ ለማምጣት የወሰኑት የተራራችንን ጫካ ካቃጠለው እሳት በኋላ በመጣው መጸው ነው። ባለቤት አልባ ውሾች በአንድ ከሰዓት ሦስት በጎቻቸውን ዘነጣጠሉባቸው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ እኔ ዳቦ ጭኜ ወደ ኮቫ ፍሪያ የምወጣባቸው ቀናት ናቸው። እንደ ልማዴ ጡሩምባ ነፋሁ፤ አልወጡም። በጓሮ በኩል ዞሬ ስሄድ፣ የሞተችውን በግ ራስ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም።

«ሲዳሊያ፣ ያቺ መኪናሽ ውሻ ትጭናለች?» አሉኝ።

ኮቫ ፍሪያ ተራራው ወገብ ላይ የተለጠፈች አሥራ አንድ ቤት ናት። ሰው የሚኖርባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የእትዬ ዙልሚራና የአባባ ፎርቱናቶ። የሌሎቹ ባለቤቶች ፈረንሳይ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ተቀብረዋል፤ የቀሩት ነሐሴ ላይ መጥተው ሁለት ሳምንት መስኮት ከፍተው ይመለሳሉ። የዘጠኙም ቤት ቁልፍ እትዬ ዙልሚራ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሚያዝያ በገባ ቁጥር እየዞሩ ይከፍቷቸዋል፣ ያናፍሷቸዋል፣ መልሰው ይቆልፏቸዋል። ባላቸው ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የላቸውም። ሠላሳ በጎች አልበው አይብ ይሠራሉ።

ከተማ ወዳለው የውሾች መጠለያ አብሬያቸው ሄድኩ። የተቀበለችን ልጅ ወረቀት ይዛ ጥያቄ በጥያቄ አደረገቻቸው።

«ግቢ አለዎት?»

«ተራራው በሙሉ።»

«በሰንሰለት ያስሩታል? ከታሰረ አንሰጥም።»

«ኧረ ልጄ፣ ባሌን እንኳ አስሬ አላውቅም። መታሰር የነበረበት እሱ ነበር።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ መጨረሻው ክፍል ወሰደችን። ቡችላው አራት ወሩ ነው፤ መዳፎቹ ግን የአዋቂ ሰው እጅ ያህላሉ። ፊቱ ጥቀርሻ የተቀባ ይመስላል። የዚሁ የተራራችን የበግ ጠባቂ ዘር ነው፤ ሲያድግ ስልሳ ኪሎ ይገባል አለችን። ሌሎቹ ውሾች ሽቦውን ሲቧጥጡ እሱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያየናል።

«የት አገኛችሁት?» አልኩ።

«ከእሳቱ በኋላ ነው። የተቃጠለ ቤት በር ላይ ተኝቶ። መዳፉ ሁሉ ቆስሎ ነበር። በጉልበት ነው ያነሳነው።»

«ውስጥ ሰው ነበር እንዴ?»

«የለም። ባለቤቶቹ አስቀድመው ወጥተው ነበር። ደግሞ የእነሱ ውሻ አይደለም፤ አናውቀውም ነው ያሉት።» ወረቀቷን አጠፈች። «ማንን ይጠብቅ እንደነበር እንጃ።»

እትዬ ዙልሚራ ይህን እንደ ቁም ነገር አልቆጠሩትም። ፈርመው ተቀበሉት፤ ፋሩስኮ አሉት፤ እኛ አገር ጥቀርሻ ለመሰለ ውሻ ሁሉ የሚወጣ ስም ነው። በመንገድ ላይ አልጮኸም፣ አላስመለሰውም። ከኋላ ተቀምጦ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ሲያይ መጣ። በመስታወቱ ደጋግሜ አየሁት። እንደ እውነቱ ከሆነ ደስ አላለኝም።

ሥራውን በቶሎ ለመደ። ሌሊቱን ከበጎቹ መሀል ይተኛል፤ ጠዋት አብሯቸው ይወጣል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን እኩለ ቀን ሲሆን መንጋውን ጥሎ ወደ መንደሩ መውረድ ጀመረ። ወርዶ የላውሪንዳ ቤት በር ላይ ይተኛል።

ላውሪንዳ የእትዬ ዙልሚራ የልጅነት ጓደኛ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ሄዳ፣ አርባ ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ፣ ከሰባት ዓመት በፊት እዚያው ሞተች። ቤቷ ከዚያ ወዲህ ተዘግቷል።

መጀመሪያ ያዩት አባባ ፎርቱናቶ ናቸው። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

«ዙልሚራ፣ ውሻሽ ላውሪንዳን ሊጠይቅ ሄዷል!»

«ላውሪንዳ ሞታለች፣ አንተ ሽማግሌ።»

«ለእሱ ማን ነገረው?»

ሳቅን። ግን በሚቀጥለው ዓርብ ስመጣ እትዬ ዙልሚራ አይስቁም ነበር። ለቡችላው በአጓት የራሰ ጥቁር ዳቦ ይሰጡታል፤ ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን በአፉ ይዞ ይሄዳል። ተከተሉት። እኛ አገር የድሮ በር ሁሉ ከታች ለድመት የተበጀ ቀዳዳ አለው። ዳቦውን በአፍንጫው እየገፋ በላውሪንዳ በር ቀዳዳ አስገባው። በማግስቱ በቀዳዳው አጎንብሰው ቢያዩ ዳቦው የለም።

«አይጥ ነዋ፣» አልኳቸው።

«አይጥ ዳቦ ይወስዳል። አይጥ ግን ውሻ ጅራቱን እንዲቆላ አያደርግም።»

«ጅራቱን ይቆላል?»

«አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ይቆላል። ሰው እንደሚያናግረው።»

ቁልፉ ከእጃቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተሰቅሏል። ለምን ከፍተው እንደማያዩ አልጠየቅኳቸውም። እኔም ብሆን አልከፍትም ነበር።

ኅዳር ላይ ጉሙ ወርዶ መንደሩን ዋጠው። መኪናዬን በእግረኛ ፍጥነት እየነዳሁ እኩለ ቀን ገደማ ደረስኩ። እትዬ ዙልሚራ መንገዱ መሀል ቆመዋል፤ መሀረባቸው ከራሳቸው ወርዷል፤ ጡሩምባዬንም የሰሙ አይመስሉም። ያዩትን የነገሩኝ ቤት አስገብቼ፣ ወይን አፍልቼ ካጠጣኋቸው በኋላ ነው።

ከቀዳዳው እጅ ወጣ አሉኝ። ሰማያዊ እጅጌ ያለው የሴት እጅ። ቡችላውን ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ ዳበሰውና ተመለሰ።

«ጉም ነው እትዬ። ጉም ብዙ ነገር ያሳያል።»

«ላውሪንዳ ትንሿ ጣቷ ጠማማ ናት። ልጆች ሆነን የበጎቹ በረት በር ጨፍልቋት ነው፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ጣቷን አየሁ፣ ሲዳሊያ።»

እጁን እኔ አላየሁም። ያየሁት እንዲህ ነው፤ ስወጣ ቡችላው አሁንም በሩ ላይ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጋድመው፤ ሰው ሲዳብሰው እንደሚሆነው። ቀዳዳው ባዶ ነበር።

ለአሥራ አንድ ቀን እትዬ ዙልሚራ በዚያ በኩል አላለፉም። ለቡችላው የሚሰጡትን ዳቦ ግን እጥፍ አደረጉት። ለምን ብላቸው፣ «ላውሪንዳ ከሆነች ርቧታል ማለት ነው፤ ካልሆነችም የሆነ ሰው ርቦታል፣» አሉኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ቁልፉን ይዘው ጠበቁኝ።

«አብረሽኝ ትገቢያለሽ ወይስ ዳቦሽ ይቀዘቅዛል?»

ገባሁ። ምን ላድርግ።

ቡችላው መንገድ ለቀቀልን። ቤቱ ይበርዳል፤ የእርጥበትና የአመድ ሽታ አለው። እትዬ ዙልሚራ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሲኒ አንስተው በጣታቸው ነኩት። እርጥብ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከላይ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማን። ደረጃውን የወጣነው ተያይዘን ነው፤ ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም።

ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አንዲት ሴት የማገዶ ግንድ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ፀጉሯ በመቀስ እንዲሁ የተጨፈጨፈ ነው።

«እትዬ ዙልሚራ፣» አለች በሹክሹክታ። «እባክዎ የታችኛውን በር ይዝጉልኝ።»

የላውሪንዳ ልጅ ኦዲልያ ነበረች። ከሊዮን ከመጣች ሰባት ሳምንት ሆኗታል። ከታችኛው መንደር ተነስታ በተቃጠለው ጫካ በእግሯ ወጥታ፣ በእናቷ ቁልፍ ገብታ፣ ከውስጥ ቆልፋ ተቀመጠች። እሳት የምታነደው ጉም ሲሆን ብቻ ነው፣ ጢሱ እንዳይታይ። ባሏ ሬናቶ ይፈልጋታል። ምን እንዳደረጋት ብዙ አልተናገረችም፤ ግንዱን ስታስቀምጥ ግን ግራ ክንዷ እንደማይዘረጋ አየን።

«አርባ እርምጃ ላይ ነኝ እኮ፣» አሉ እትዬ ዙልሚራ። «በሬን ብታንኳኪ ምን ነበረበት?»

«ከመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርስዎን ነው። እማዬ ደግሞ ዙልሚራ መዋሸት አትችልም ትለኝ ነበር። ፊቷ ያሳብቅባታል ትል ነበር።»

እትዬ ዙልሚራ አልተቀየሙም። እውነት ነው አሉ። ኦዲልያ በቆርቆሮ የታሸገ ሳርዲን ይዛ መጥታ ነበር፤ ሲያልቅባት የውሻውን ዳቦ በላች። ይህን ስትናገር አንገቷን ደፋች።

«ይበላ እንጂ ምን አለ፤ እኔ ነኝ የጋገርኩት ብላ ይህችም ትኮራለች፣» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ያኔ በጉሙ ቀን ስትዳብሺው አይቼሽ፣ እናትሽ መስለሽኝ ልሞት ነበር።»

«ማንን ስዳብስ?»

«ቡችላውን። በቀዳዳው እጅሽን አውጥተሽ።»

ኦዲልያ ሁለታችንንም አየችን። «ውሻ እፈራለሁ፣ እትዬ። በልጅነቴ ተነክሻለሁ። አንድም ቀን አልነካሁትም፤ ዳቦውን በእንጨት ነው የምስበው።»

ሳናስበው እጆቿን አየን። ጣቶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። ስንወርድ ፋሩስኮ ገብቶ ነበር፤ ደረጃውን አልወጣም። በሩን ከውስጥ በኩል ተደግፎ ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዙልሚራ ሾርባ በእንስራ እየደበቁ ያደርሱላት ጀመር። ሬናቶ የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እኔ ዳቦ ስሸጥ ነው። ጉሙ ዳግም ወርዶ ነበር። ነጭ መኪና፣ የፈረንሳይ ታርጋ፣ ጥሩ ካፖርት። ከእኔ አንድ ዳቦ ገዛ፤ አመሰገነ። ትሑት ሰው ነው ብትሉኝ አምናለሁ።

«እማማ፣» አላቸው እትዬ ዙልሚራን፣ «የላውሪንዳ ቤት ያ አይደለም? ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው አሉኝ።»

«እኔ ጋ ነው።»

«አማቿ ነኝ። ሊከፍቱልኝ ይችላሉ?»

«አልከፍትም።»

«ለምን?»

«ስለምፈራ።»

ፈገግ አለ። እትዬ ዙልሚራ ፊታቸውን ቀና አድርገው ያዩትን በሙሉ ነገሩት፤ ዳቦውን፣ ቀዳዳውን፣ እጁን፣ ሰማያዊውን እጅጌ፣ ጠማማዋን ጣት። አንድ ቃል አልጨመሩም። ኦዲልያን አላነሱም፤ እሱም ስለ ኦዲልያ በቀጥታ አልጠየቃቸውም። ጣቷን ሲጠቅሱ የሬናቶ ፈገግታ ቀዘቀዘ። ያቺን ጣት አሥር ዓመት ማዕድ ላይ ሲያያት ኖሯል።

«የአሮጊት ወሬ፣» አለና ወደ በሩ ሄደ።

ፋሩስኮ ደፉ ላይ ነበር። ተነሳ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸም፣ ጥርሱንም አላሳየም። ሰውየውን አላየውም። ያየው ከሰውየው በስተግራ፣ ትከሻው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ዓይኑን ተክሎ ጅራቱን ቀስ ብሎ ይቆላ ጀመር። ከዚያ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጋደሙ፣ ራሱም ከላይ እንደተጫኑት ዝቅ አለ።

ሬናቶ ወደ ግራው ዞረ። ምን እንዳየ ወይም ምንም እንዳላየ አላውቅም። ቆሞ ቆየ፤ ዳቦው ከእጁ ወደቀ። ሳያነሳው በፊታችን አልፎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ያስነሳው በሦስተኛው ሙከራ ነው። ድምፁ ታች ሸለቆው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀስንም።

«አልዋሸሁትም፣» አሉ እትዬ ዙልሚራ በመጨረሻ። ወንበር አመጣሁላቸው።

በማግስቱ ኦዲልያን ይዤ ወደ ከተማ ወረድኩ። ሐኪም ክንዷን አየላት፤ ጠበቃ የፍቺውን ወረቀት ጀመረላት። ፍርዱ እስኪያልቅ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ሬናቶ በወኪል ተከራከረ እንጂ ዳግም ተራራውን አልወጣም። ኦዲልያ ክረምቱን እትዬ ዙልሚራ ጋ ከረመች፤ ማለብ ተማረች። የመጀመሪያዎቹ አይቦቿ ሁሉ ተሰነጣጠቁ፤ ጥርግ አድርገን በላናቸው።

የመጠለያዋ ልጅ ውሻውን ለማየት መጋቢት ላይ መጣች። በጎቹን ይጠብቃል ወይ ብላ ጠየቀች። እሱ ከመጣ አንዲት በግ አልጠፋችብንም አሏት፤ ሌላውን አልነገሯትም። ፋሩስኮ አሁን ስልሳ አንድ ኪሎ ነው። በሩ ላይ መተኛቱን የተወው ኦዲልያ የእናቷን ቤት ለራሷ ከፍታ የገባች ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከመንጋው ጋር ይውላል። ኦዲልያ መጀመሪያ የነካችው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እሾህ ገብቶበት ነበርና የሚይዘው ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔ ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል። ኦዲልያን መንዳት አስተማርኳት፤ መታጠፊያዎቹ ላይ ሁለቴ ግንብ ገጨች እንጂ ጎበዝ ናት። አሁን ዓርብ ዓርብ ዳቦውን የምታወጣው እሷ ናት፤ ስትመለስ አይቧን ጭና ትወርዳለች።