የድምፅ መስጫ ሣጥን ይዘው ቀብር የሄዱት ጋሽ ሙዳ

አቶ ሙዳ ገልቹ ባለፈው ሳምንት አሰላ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በዴራ፣ በአርቦዬና በኦጎልቾ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ወሬው ሳይደርሳችሁ ቀርቶ እንደሆነ ከእኔ ስሙት። የቆየ የሳንባ ሕመም ነበረባቸው፤ ሲያስቸግራቸውም ከዓመት በላይ ሆኖታል።

ለቅሶው ላይ የተነገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንዱ ተነሥቶ ቅን ሰው ነበሩ አለ፤ ሌላው ሰው አክባሪ ነበሩ አለ። እውነት ነው፤ ግን እንዲህማ ስለ ማንም ይባላል። ስለ ድምፅ መስጫ ሣጥኑ ያወሩትም ቢሆኑ ግማሹን አበላሽተው ነው ያወሩት። ሣጥኑን ማን እንደተሸከመው እንኳ በትክክል የተናገረ የለም። የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጻፉም በእኔ ላይ ወደቀ።

ለማታውቁኝ፣ ሞላ ነኝ፤ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኙ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሬዲዮ መፍታትና መግጠምም ማንም አላሳየኝም። በአሰላ ከተማ የምርጫ ደንብ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይምጣ ቢባል፣ የተማሩትን ጨምሮ ከእኔ የሚቀድም አይገኝም። ይህን የምናገረው ጋሽ ሙዳ ይህን ሁሉ እያወቁ እኔን በምርጫው ዕለት ሰልፍ አስከባሪ አድርገው እንደመደቡኝ እንድታውቁት ነው።

እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በአሰላ መናኸሪያ፣ በስምሪት ነው። የትኛው መኪና መቼ እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ሾፌር ቢሰድባቸውም፣ ረዳት ቢለማመጣቸውም፣ ተራው የደረሰውን ያስወጣሉ። አንድ ጠዋት የታመመ ልጅ ያቀፈች ሴት፣ ወደ አዳማ የሚሄደው መኪና ሞልቶባት ቆማ ስታለቅስ አዩ። መኪናው ውስጥ ገቡና በመተላለፊያው መካከል ቆሙ። አልለመኑም፣ አልተቆጡም። አንድ ሰው ካልወረደ እሳቸውም እንደማይወርዱ ብቻ ተናገሩ። ሾፌሩ ጮኸ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ። በመጨረሻ የወረድኩት እኔ ነኝ፤ የሬዲዮ ዕቃ ልገዛ ነበር የምሄደው። የተዋወቅነው ያን ጊዜ ነው። አመሰግናለሁ እንኳ አላሉኝም። በማግስቱ ግን ገና ሳልደርስ የፊት ወንበር ይዘውልኝ ጠበቁኝ።

የፓርቲው ነገር የመጣው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ፓርቲያችን ለምክር ቤት የሚያቀርበው እጩ የሚላክልን ከአዲስ አበባ ነበር፤ ስሙን የምናውቀው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። ያን ዓመት እጩውን የየአካባቢው አባላት ራሳቸው በድምፅ እንዲመርጡ ተፈቀደ። ነገር ግን አዲስ አበባ ካለው የፓርቲው ማዕከል ማስጠንቀቂያ አብሮ መጣ። በአሰላ፣ በዴራ፣ በአርቦዬና በኦጎልቾ ምርጫው በአንድ ቀን ካልተካሄደ፣ ወይም ከአራቱ ጣቢያዎች አንዱ ከተበላሸ፣ እጩውን ማዕከሉ እንደ ቀድሞው ይመድባል ተባለ። ጋሽ ሙዳ አደራጅ ሆነው ተመረጡ።

«መናኸሪያ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው» አሉኝ። «ይህ ሕዝብ አንድ ቀን እንኳ ተራው ሲደርሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

ምርጫ አስፈጻሚ መፈለግ ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የእጩዎቹ ዘመድ ያልሆነ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብሎ የሚውል፣ ያውም ያለ አበል። ለመመረጥ የሚፈልግ በየመንገዱ ነው፤ ለማስመረጥ የሚፈልግ ግን የለም። አንዱ ሠርግ አለብኝ ይላል፤ የማን ሠርግ ሲሉት ያስባል። ሌላው ጉልበቴን ያመኛል ይላል፤ በማግስቱ ኳስ ሲያባርር ታየዋለህ። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ባለቤቴን ላማክር ብላን ሄደች፤ ባልየውን ብናገኘው እሱም ባለቤቴን ላማክር አለን። እኔ በዚህ ሁሉ ደሜ ይፈላ ነበር። ጋሽ ሙዳ ሲለምኑ በአማርኛ ነበር፤ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ነበርና፣ እኔ ሰዎቹን መገሠጽ ስጀምር «ዲሲ፣ ያ ሞላ» ይሉኛል። ተው ማለታቸው ነው። ከሰዎቹ ይልቅ የሚቆጡት እኔን ነበር።

ኦጎልቾ ላይ አንድ ገበሬ በቆሎዬ ሳይሰበሰብ የትም አልሄድም አለን። እኔ አመስግነን እንመለስ አልኩ። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉና እርሻው ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው እኔም ገባሁ፤ ያን ቀን የለበስኩት አንድ ያለኝን ሙሉ ልብስ ነበር። ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ነው። ገበሬው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፈረ፤ ከሰዓት በኋላ ላይ እባክዎ ይውጡልኝ፣ እመጣለሁ ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም የያዙትን መደዳ ሳይጨርሱ አልወጡም። መልስ መንገድ ላይ ለዚህ ሥራ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይበቃ ነበር ብዬ ስነጫነጭ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዴራ፣ አርቦዬና ኦጎልቾ እንዲህ እንዲህ ብለው ሞሉ። የቀረው አሰላ ነው፤ እዚያ ላይ ነው ጋሽ ሙዳ የተሳሳቱት። በየቤቱ መለመን ሲሰለቻቸው ለሰፈራችን ዕድር ዳኛ ነገሩት፤ ዳኛውም በዕድሩ ስብሰባ ላይ አስነገሩ። የዕድር ሰው ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት ለምዷልና የሚፈለገው ሰው በአንድ ቀን ተገኘ። ድንኳኑም አግዳሚ ወንበሩም ከዕድሩ ሆነ፤ ጣቢያውም የዕድሩ ግቢ ሆነ። ደስ አላቸው። እኔ ሰዎቹ ሁሉ ከአንድ ዕድር መሆናቸው ደግ አይደለም ብዬ ነግሬያቸው ነበር። የእኔ ምክንያት ሲቀመጡ ወሬ ያበዛሉ የሚል ነበር፤ ምክንያቱ ሌላ ሆነ እንጂ ልክ ነበርኩ።

እጩዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ የእንስሳት ሐኪሟ ሌንሳ ናት፤ ሌላው የወፍጮ ቤት ባለቤቱ ታደለ ነው። የታደለ ወላጆች ከወልቂጤ በኩል መጥተው አሰላ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ሲመጡ ማደሪያ የሰጧቸው እማማ ከዲጃ የሚባሉ የሰፈራችን ሴት ነበሩ፤ ታደለን በጀርባቸው አዝለው ነው ያሳደጉት።

የምርጫው እሁድ ጠዋት ሰልፉን እኔው ራሴ አስተካክዬ፣ ጥቂት ሰው ድምፅ እንደሰጠ፣ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እማማ ከዲጃ አረፉ። ቀብሩ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው ተባለ። ሰልፉ ወዲያው ተበተነ። የዕድሩ ወጣቶች መጥተው ድንኳኑን ከራሳችን ላይ መፍታት ጀመሩ፤ አስፈጻሚዎቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ተነሥተው አግዳሚውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ለቅሶ ቤት ሄዱ። ሣጥኑ ሜዳ ላይ ቀረ።

ጋሽ ሙዳ የዕድሩን ዳኛ ጥቂት ሰው እንዲተዉላቸው ለመኗቸው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ድምፅ ለሌላ እሁድ ይደርሳል፤ ከዲጃ ግን ዛሬ ናት» አሏቸው። ድምፁ ለሌላ እሁድ እንደማይደርስ ለእሳቸው ማን ያስረዳ? ከምርጫው ቀን አንድ ጣቢያ ከጎደለ ማዕከሉ የሚፈልገውን እንደሚልክ የምናውቀው እኛ ነን። ሣጥኑን ቤት ውስጥ ቆልፈን እንሂድ ያለም ነበር፤ ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ ሲባል ግን ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ቆሞ የሚጠብቅም አልተገኘም፤ እማማ ከዲጃን ሳይቀብር የሚቀር ማን ነው?

ጋሽ ሙዳ ወደ እኔ ዞሩ። ደንቡ ሣጥኑ የት ይቀመጥ እንደሚል ጠየቁኝ። ከታዛቢዎች ዓይን እንዳይወጣ ይላል አልኳቸው።

«ታዛቢዎቹ የት ሊሄዱ ነው?»

«ቀብር።»

«እንግዲያው ሣጥኑም ቀብር ይሄዳል።»

ይህ ደንቡን መቀለጃ ማድረግ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ጊዜ አልሰጡኝም። የሣጥኑን አፍ በፕላስተር አሽገው የሁለቱም ወገን ሰዎች እላዩ ላይ እንዲፈርሙ አደረጉ። ከዚያ ማን ይሸከመው የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ፤ የሌንሳ ወገን የታደለን አላምንም አለ፣ የታደለም የሌንሳን።

«ሞላ፣ አንተ ተሸከመው» አሉኝ። «ሁለቱም ወገን እኩል የተማረሩብህ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክርነት በሕይወቴ አላገኘሁም።

እንግዲህ አስቡት። ሬሳው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ በመጨረሻ እኔ፤ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ የእንጨት ሣጥን አቅፌ። አናጢው ሲሠራው ለምን እንደዚያ እንዳከበደው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊቴን ይጋረፈዋል። በመንገድ ያገኘን የማያውቅ ሰው ሁሉ ይህ ደግሞ ምንድን ነው እያለ ይጠይቃል። መቃብሩ በር ላይ ቆምኩ። በአንድ ጎኔ የሌንሳ እህት ቆመች። በሌላው ጎኔ የታደለ ታዛቢ መቆም ነበረበት፤ እሱ ግን ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ዘንድ ስለተመደበ ታደለ ራሱ ቆመ።

ውስጥ አፈር ማልበስ ሲጀመር ይሰማን ነበር። ታደለ እንባው ይወርዳል፤ ዓይኑ ግን ሣጥኑ ላይ ነው። ጋሽ ሙዳ ከውስጥ ወጥተው አዩት። እሳቸው በእሱ ቦታ እንደሚቆሙለት ነግረው ግባና ቅበር አሉት።

«አይ፣ ጋሽ ሙዳ» አለ። «አሁን ዓይኔን ካነሣሁ ነገ ብሸነፍ አፌን መክፈቴ አይቀርም። ልቁም።»

ጋሽ ሙዳም አልተመለሱም። ቀብሩ እስኪያልቅ ከጎኑ ቆሙ። ስንመለስ ፕላስተሩ በሁሉም ፊት ታየ፤ ሰልፉ እንደገና ተሠራ፤ ቀባሪው ሁሉ ከነአቧራው መጥቶ ድምፁን ሰጠ። ተቆጠረ። ከአራቱም ጣቢያ ሲደመር ሌንሳ በጥቂት በለጠች።

በማግስቱ ከማዕከል ስልክ ተደወለ። ሣጥኑ ከጣቢያው እንደወጣ ሰምተናል፤ የአሰላው አይቆጠርም፤ ስለዚህ ታደለን መድበናል አሉ። ጋሽ ሙዳ ቢያስረዱ የሚሰማቸው አጡ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ደንቡን በቃሌ ዘረዘርኩላቸው፤ ሰውየው ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይህን ያህል ሰው ለምነን፣ በቆሎ ሰብስበን፣ ሣጥን ተሸክመን፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ስልክ ሊያልቅ ነው። እኔ ታደለ ዘንድ ሄደን እንለምነው አልኩ። ጋሽ ሙዳ የተሸነፈ ሰው መሸነፉን ይመስክር ተብሎ አይለመንም አሉኝ። ብቻ ተነሥተው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ጠየቁት፤ ስለ እማማ ከዲጃ ልጆች ጠየቁት። ስለ ምርጫው አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ አጠገባቸው ሌላ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ታደለ ወፍጮውን አጠፋ። ዱቄት በለበሰ እጁ ስልኩን አውጥቶ ማዕከል ደወለ።

«ሣጥኑን ከእኔ የበለጠ ያየው ሰው የለም» አላቸው። «ያሳደገችኝን ሴት አፈር ሳላለብስ ነው ያየሁት። ከዓይኔ አልወጣም። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።» ስልኩን ዘግቶ ወፍጮውን እንደገና አስነሣ።

ከዚያ በኋላ ማዕከሉ የአሰላውን ድምፅ ቆጠረው። ሌንሳ እጩያችን ሆነች። ጋሽ ሙዳ ከወፍጮ ቤቱ ሲወጡ ጀርባቸው ሁሉ ዱቄት ነበር። «ተራው ደረሰ» አሉ።

ጋሽ ሙዳ፣ እርስዎ እኔን አድክመውኛል። አደራጅነቱን ጉልበት እያለኝ ስፈልገው ከለከሉኝ፤ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ደግሞ እጄን ይዘው «ከእንግዲህ አንተ ነህ» አሉኝ። የሚቀጥለው የእጩ ምርጫ ደርሷል፤ ሰዉም ያው ነው። ሠርጉም አለ፣ ጉልበቱም ይታመማል።

ትናንት አርቦዬ ሄጄ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት በር አንኳኳሁ። ስለ ራሴ የሚባለውን ሁሉ ነገርኳት፤ ራሴን በራሴ እንዳስተማርኩ፣ ደንቡን በቃሌ እንደማውቅ፣ ሣጥኑን የተሸከምኩት እኔ እንደሆንኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛ ሰማችኝ፤ እሁድ አይመቸኝም አለች። ልመለስ ዞር ካልኩ በኋላ፣ የላኩኝ ጋሽ ሙዳ ናቸው አልኳት። ማረፍዎን ሰምታለች፤ ዓይኗ አሁንም ቀይ ነበር። በሩን ከፍታ ወንበር አቀረበችልኝና በስንት ሰዓት ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ በሰው ስም የማንንም ቤት ገብቼ አላውቅም፤ የኖርኩት በራሴ ስም ነው። ይረፉ፣ ጋሽ ሙዳ። ዴራ ላይ ገና ሰው ይጎድለኛልና፣ ስምዎን ለጥቂት ጊዜ ልያዘው።