አባቴን ጨው የከለከልኩት እኔ ነኝ

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ኩራቱስ ተንኖ አልቋል። የሠራሁትን ስትሰሙ «ባታውቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ብዬ ነው። አውቅ ነበር። መገናኛ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ጨብጬ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ኩላሊትና አንጎል፣ ልብና ቆዳ እንዴት ተባብረው በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውሃና ጨው፣ ሙቀትና ስኳር በልኩ እንደሚይዙት።

አባቴ ሳሊተ ምሕረት ኮንዶሚኒየም ከእኔ ጋር ይኖራል። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጉልምስናው ያለቀው በአፋር በረሃ መንገድ ላይ ነው። ድምፁ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚሰማ ግዙፍ ሰው ነው፤ እኔን ግን ይፈራኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቤቱ አዛዥ እኔ ነኝ። ሲያሾፍብኝ «ቲቸር» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ግፊት ተገኘበት። ሐኪሙ ሽንት የሚያሸና ኪኒን አዘዘለትና «ጨው ቀነስ ያድርጉ፤ ውሃም ይጠጡ» አለው። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው። እኔ ግን «ቀነስ» የሚባል ነገር አላውቅም፤ አንድ ነገር ከያዝኩ ይዣለሁ። የጨው ዕቃውን ከቤት አወጣሁ። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል ብዬ ለእሱ ብቻ ለየት አድርጌ አስፈጨሁለት። ዳቦ ከለከልኩት። ትልቅ ጀሪካን ገዝቼ በማርከር አሰመርኩበት፤ እስከዚህ ከምሳ በፊት፣ እስከዚህ ከእራት በፊት፣ በጠቅላላው በቀን አምስት ሊትር። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው የአባቴን ፊት ሳይሆን የጀሪካኑን መስመር ነበር።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ ወጥ ውሃ ውሃ አለኝ» ይላል። እኔ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ «በረሃ ስንነዳ እኮ የምንጠጣው ውሃ ላይ ቆንጠር አድርገን ጨው እንጨምርበት ነበር። ውሃ ብቻውን ሰው ይጥላል።»

ሳቅኩበት። «አባዬ፣ የተማርኩት እኔ ነኝ አንተ?» አልኩት። አቀርቅሮ የቀረበለትን በላ።

ከሕንጻችን ሥር ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት የስልጤ እናት አሉ። አባቴ ከሰዓት በኋላ እዚያ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲያወጋ ይውላል። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመለስ ጨው የተነሰነሰበት ለውዝ በእፍኙ ይዞ ሲቆረጥም ደረስኩበት። ለካ በየቀኑ ይሰጡት ኖሯል! ደሜ ፈላ።

«እርስዎ አባቴን ሊገድሉት ነው እንዴ? ታማሚ መሆኑን አያውቁም?» ብዬ መንደሩ እስኪሰማ ጮህኩባቸው።

«ተይ ልጄ፣ በጣም ስለሚያምራቸው ነው። ለክፉ እንዳልሆነ አላህ ያውቃል» አሉኝ።

ለውዙን ከአባቴ እጅ ነጥቄ ደፋሁት። ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ወጣ። በሳምንቱ ኮቱን ላጥብ ስል ከኪሱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አገኘሁ። ይታያችሁ፣ የሰባ ዓመት ሰው ጨው ደብቆ! እሱንም ከነወረቀቱ ጣልኩት። ከሴትየዋ ጋር ደግሞ ሰላምታም አቆምኩ።

ለውዙ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሆነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ቁርሱን ገፋ አድርጎ «ራሴን ያመኛል፤ ያቅለሸልሸኛል» አለኝ።

«ውሃ በደንብ ስላልጠጣህ ነው» አልኩትና ብርጭቆውን ሞልቼ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ «መኪናው ግራሶ ተደርጓል?» አለኝ። መኪና ከሸጠ ስንት ዘመኑ! እየቀለደ መስሎኝ ስቄ ወጣሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

አራት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተማሪዎቼን የተቆራረጠ ድንች ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ አስነክራቸዋለሁ። ውሃው ወደ ድንቹ እየገባ እንዴት እንደሚያሳብጠው እንዲያዩ ነው። ስልኬ ጠራ፤ ባለሱቋ ናቸው። «ደግሞ ምን ፈልገው ነው?» ብዬ ዘጋሁት። ደገሙ፤ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሳሁ።

«ልጄ፣ አባትሽ አላወቁኝም። በአንድ እግር ጫማ ወርደው ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል። ቶሎ ድረሽ።»

ድንቹን ጥዬ በኮንትራት ታክሲ በረርኩ። ስደርስ አባቴ የሱቁ በር ላይ፣ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ፣ አስፋልቱን ያያል። ሰው ከቦታል። አንዱ «ምች ነው» ይላል፣ አንዷ «ጸበል ውሰዱት» ትላለች። ፊቱ ተንበረከክሁ።

«አባዬ!»

ቀና ብሎ አየኝና በትህትና «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

እግዚኦ! እኔን? ትናንት ማታ ብርድ ልብስ ያለበስኩትን? ደንግጬ ያደረግኩትን ስሙ፤ «ውሃ! ውሃ አምጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። በገዛ እጄ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣሁት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ባያውቅም ታዘዘኝ፤ ጨለጠው። ሆስፒታል ልናደርሰው መኪና ውስጥ እንዳስገባነው ሰውነቱ ተገትሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የተቀበለችን ሐኪም ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ ነበረች። መድኃኒቱን ጠየቀችኝ፣ አመጋገቡን ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ መለስኩ፤ «ጨው ፈጽሞ አይቀምስም። በቀን አምስት ሊትር ውሃ ይጠጣል። እኔው ነኝ የምቆጣጠረው።»

መጻፏን አቆመች። «አምስት?» አለችኝ።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። «ደማቸው ውስጥ ያለው ጨው በጣም ወርዷል። በምግብ አላገኙም፣ ኪኒኑ ያለውን ያስወጣል፣ ውሃው ደግሞ የቀረውን አቀጠነው። ውሃ ወደ አንጎላቸው ሴሎች ገብቶ አሳብጧቸዋል፤ አንጎል ደግሞ ሲያብጥ የሚሄድበት የለውም» አለችኝ። ሥራሽ ምንድነው እንዳትለኝ ጸለይኩ።

ድንቹ! ያ ድንች እኮ የአባቴ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ኩላሊቱ ትርፉን ውሃ ሊያወጣ ሲፍጨረጨር እኔ ከላይ እሞላበታለሁ። አንጎሉ ጨው ስጠኝ ሲለው ምላሱ ይለምናል፤ ምላሱ ሲከለከል እጁ ኪስ ውስጥ ይደብቃል። ሰውነቱ ሁሉ ተባብሮ ሊያድነው ሲታገል እኔ እያንዳንዱን እየያዝኩ ቀጣሁት። ያን ሁሉ ወር አቁሞት የኖረው ያ እፍኝ ለውዝ ሳይሆን አይቀርም። ድንቄም አስተማሪ!

«ይድናል?» አልኳት።

«ጨውን ቀስ ብለን ነው የምንመልሰው፤ ከተቸኮለ አንጎልን ይጎዳል። እንጠብቅ» አለችኝ።

መጠበቅ የማልችል ሴት ጠበቅኩ። በሁለተኛው ቀን አባቴ ዓይኑን ገልጦ እጄን ያዘኝ። ደስታዬ አፌ ላይ ሳለ «እመቤቴ» አለኝ፤ «እባክዎን፣ ልጄን ይጥሩልኝ። አስተማሪ ናት፤ እሷ ታውቃለች።» አንቱ አለኝ! የወለደኝ አባቴ አንቱ አለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለሱቋ መጡ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝና «ተይ፣ ተይ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ድምፃቸውን ሲሰማ አባቴ ነቃ። እሳቸውን አየና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«አባዬ፣ እኔ ማነኝ?»

«ቲቸር» አለኝ።

እልል ልል ስል ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነሥቶ ከራስጌው የተንጠለጠለው የጨው ውሃ ከረጢት ላይ አረፈ። ግማሹ ገና አላለቀም። ያ ከደረጃው ሥር የሚሰማው ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ።

«የዛሬውን ውሃ አልጨረስኩትም፤ እንዳትቆጪኝ።»