በሰው ስም የተለጠፈው ትምህርት

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኢንግልዉድ

ጉዞዬ እስከ ሐበሻው ሰፈር፣ እስከ ፌርፋክስ ነው። «ይሄም ጉዞ ሆኖ?» የሚለኝ አንባቢ የሎስ አንጀለስን መንገድ አያውቀውም። አውሮፕላኖች ጣሪያዬን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ሲወርዱ መኪናዬን አስነሳሁ።

ማለዳ፣ ፓልምስ

የእህቴ ልጅ ሊድያ ነጭ ሰሌዳ ታቅፋ ደጅ ትጠብቀኛለች። ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሒሳብ ታጠናለች። ዛሬ ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰዎች ስለ አንዲት ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ ልታስተምር ነው፤ በአማርኛ ስታስተምር የመጀመሪያዋ ነው። ፈርታለች።

«ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው ሴት ነሽ ብሎ አልቀጥርሽም አላት። ሶ ለዓመታት ያለ ደመወዝ አስተማረች። የትምህርቱ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ደግሞ የወንድ ፕሮፌሰር ስም ነበር።»

«እና ዝም አለች?»

«አስተማረቻ!»

በኋላም አይሁዳዊት በመሆኗ ከሥራ ተባርራ ወደ አሜሪካ መጣች። መንገዱ ስለተዘጋጋ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ በዕድሜዬ ትራፊክ ያመሰገንኩት ዛሬ ነው።

ረፋድ፣ ፌርፋክስ

ፓርኪንግ ፍለጋ ሰፈሩን ስንዞር ቆየን። የማኅበሩ አዳራሽ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ነው፤ የፉልና የትኩስ ዳቦ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። በሩ ላይ «ኢንጂነር ታደሰ ስለ ታላቋ የሒሳብ ሊቅ ያስተምራሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሊድያ ስም የለም። ደሜ ፈላ።

«ሰው እንዲመጣ ብለን ነው፤ ልጅቷን ማን ያውቃታል?» አለኝ አስተባባሪው።

«ኢትስ ኦኬ ጋሼ፣ ተወው» አለች ሊድያ። ዓይኗ ግን ከወረቀቱ አልተነሳም።

አዳራሹ ሞላ። ጡረታ የወጡት መሐንዲስ ጋሼ ታደሰ በጭብጨባ ተነሡ።

«ስሜ የተለጠፈው ሳልጠየቅ ነው። እኔ የመጣሁት ልማር ነው» አሉና ማርከሩን ለሊድያ ሰጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጭብጨባው ቆመ። ሊድያ ሰሌዳዋን አቁማ ጀመረች።

«የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም ያው ከሆነ ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። የሁለቱን ዝምድና በሒሳብ ያረጋገጠችው እሷ ናት። እስቲ፣ ፍሪዌይ ላይ ብሬክ ስታደርጉ የመኪናው ጉልበት የት ይሄዳል?»

«ፍሬኑን ያግለዋል!» ጮኸ አንድ ታክሲ ነጂ ከኋላ።

«ኤግዛክትሊ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! እጆች ተነሡ፣ ጥያቄው ጎረፈ፣ ጋሼ ታደሰ ሳይቀሩ ሁለቴ ጠየቁ። እኔማ በኩራት መቀመጥ አቃተኝ።

አጠገቤ ያሉ እናት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«የማን ልጅ ናት?»

የእህቴ ልጅ ናት ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ሊድያ ትባላለች» አልኳቸው።